ወንድሜን እንቅልፍ የነሳው መጽሐፍ እኔን ለምን አሰለቸኝ?

ጥያቄው የመጣው ከደብረ ማርቆስ ነው። ረጅም ስለነበር አሳጥሬዋለሁ።

«ጋሼ፣ ታናሽ ወንድሜ 16 ዓመቱ ነው። እንግሊዝኛ ላይ ጎበዝ ነው። ጓደኛው በቴሌግራም የላከለትን የስቴፈን ኪንግን ‹ኢት› የሚባል መጽሐፍ በስልኩ ያነባል። ከጀመረው ወዲህ ብቻውን አይተኛም። መብራት አታጥፉ ይላል። ማታ ሽንት ቤት ለመሄድ እኔን ይቀሰቅሰኛል። እናታችን ‹ጋኔን የሚጠራ መጽሐፍ ነው፤ ጠበል ይግባ› ትላለች። ምን እንዳለበት ልየው ብዬ እኔም በምሠራበት ፎቶ ኮፒ ቤት ደንበኛ በጠፋ ቁጥር አነበብኩት። 200 ገጽ ሄድኩ። ፍርሃት የሚባል አልነካኝም፤ ሰለቸኝ። አብሮኝ የሚሠራው ልጅ ደግሞ ‹ሰውየው ራሱ አይጽፍም፤ አንድ ሰው ስልሳ ምናምን መጽሐፍ ከየት ያመጣል?› አለኝ። መጽሐፉን ልንጠቀው ወይስ ዝም ልበል? ዓለም ሁሉ የሚፈራው መጽሐፍስ እኔን ለምን አሰለቸኝ?»

ከሥራ ባልደረባሽ ልጀምር፤ የእሱ ቶሎ ያልቃል። ሰውየው ራሱ ነው የሚጽፈው። ስቴፈን ኪንግ በ1947 አሜሪካ ውስጥ ሜይን በምትባል ግዛት ተወለደ። (ዓመቶቹን ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ነው የምጽፈው።) የመጀመሪያ ልብ ወለዱ በ1974 ወጣ። ከዚያ ወዲህ ከ60 በላይ ልብ ወለዶችና 200 የሚሆኑ አጫጭር ታሪኮች አሳትሟል። ብዙ ነው፤ ተአምር ግን አይደለም። በ2000 ስለ አጻጻፍ ባሳተመው መጽሐፍ በቀን አሥር ገጽ፣ ማለትም 2,000 ቃል ገደማ መጻፍ እንደሚወድ ተናግሯል። እስኪ ደምሪው። በሦስት ወር 180,000 ቃል ይመጣል፤ አንድ ወፍራም መጽሐፍ ማለት ነው። ከሌላ ጸሐፊ ጋር ሲጽፍም አይደብቅም። በ1984 ከፒተር ስትራውብ ጋር፣ በ2017 ከገዛ ልጁ ከኦወን ጋር ሲጽፍ የሁለቱም ስም ሽፋኑ ላይ ነበር።

እንዲያውም የነበረበት ችግር ተቃራኒው ነው። አሳታሚዎች «በዓመት ከአንድ መጽሐፍ በላይ ካወጣህ ገበያው ይሰለችሃል» የሚል ሐሳብ ነበራቸው። እሱ ደግሞ ይተርፈዋል። ስለዚህ ከ1977 ጀምሮ ሪቻርድ ባክማን በሚል የሐሰት ስም መጽሐፍ ማውጣት ጀመረ። አምስት አውጥቶ በ1985 አንድ የዋሽንግተን መጽሐፍ ቤት ሠራተኛ ነቃበት። በዚያ ስም የወጣው አምስተኛው መጽሐፍ የጸሐፊው ማንነት ሲታወቅ ሽያጩ በብዙ እጥፍ ዘለለ። ያው መጽሐፍ፣ ያው ቃል። የተጨመረ ነገር ቢኖር ስሙ ብቻ ነው። ይህን ያነሳሁት «ዓለም ሁሉ የሚፈራው» ስላልሽ ነው። ዓለም ሁሉ አይፈራውም። ከገዛው ሰው ብዙው ስሙን አይቶ የገዛ ነው። ያልፈራና ሳይጨርስ የተወው ሞልቷል።

ብዙ መጻፉ ዋጋም አስከፍሎታል። መጽሐፎቹ እኩል አይደሉም። በ1987 ካወጣቸው አንዱን ራሱ «መጥፎ መጽሐፍ ነው» ብሎታል። በ1981 የወጣውን ሌላውን ደግሞ ሲጽፈው እንኳ በቅጡ እንደማያስታውስ ተናግሯል፤ መጠጥና አደንዛዥ ዕፅ ውስጥ ነበር። አጨራረሱም ይታማል። እኔም ከሚያሙት አንዱ ነኝ። ሺህ ገጽ ተሸክሞሽ ሄዶ ደጃፉ ላይ ሲደርስ የሚወድቅባቸው መጽሐፎች አሉት። በ2004 የአንድ ረጅም ተከታታይ ልብ ወለዱን የመጨረሻ ቅጽ ሲያወጣ፣ ከመዝጊያው በፊት ታሪኩን አቁሞ አንባቢውን «እዚህ ላይ ብታቆም ይሻልሃል» ይለዋል። ይህን ያህል ያውቀዋል።

አሁን ወደ አንቺ። አልፈራሽም ማለት አልገባሽም ማለት አይደለም። በመጀመሪያ አነባበብሽን ተመልከቺ። በጠራራ ፀሐይ፣ የማሽን ድምፅ እየሰማሽ፣ «እህቴ ይሄን ሁለት ኮፒ» እየተባልሽ ነው ያነበብሽው። የኪንግ ፍርሃት እንደ ጠላ ነው። ይጠነሰሳል፣ ይከደናል፣ ይቆያል። በየአሥር ደቂቃው ክዳኑን የሚከፍቱት ጥንስስ አይሆንም። ‹ኢት› ደግሞ ከሁሉም ቀርፋፋው ነው። በ1986 ሲወጣ ከ1,100 ገጽ በላይ ነበር። መጀመሪያ ላይ በዝናብ የወረቀት ጀልባ የሚያጫውት ሕፃን ላይ የሚደርሰውን አንብበሻል። ከዚያ በኋላ ግን ሰውየው ፍጥነቱን ይቀንሳል። የልጆቹን ሰፈር፣ ትምህርት ቤት፣ አባትና እናት፣ የጠላቶቻቸውን ስም ሳይቀር ይተርክልሻል። አንቺ «መቼ ነው የሚያስፈራው?» እያልሽ ስትጠብቂ እሱ ልጆቹን እያስወደደሽ ነው። ካልወደድሻቸው በኋላ ቢሞቱም አትደነግጪም።

ለመውደድ ደግሞ ማወቅ ያስፈልጋል። እዚህ ላይ ነው ዋናው ችግር። ሐዲስ ዓለማየሁ በ‹ፍቅር እስከ መቃብር› ስለ ማንኩሳ ሰዎች ገጽ በገጽ ሲተርኩ አይሰለችሽም። ደብተራውን ታውቂዋለሽ፣ ድግሱን ታውቂዋለሽ፣ የባላባቱን ኩራት ከአያትሽ ሰምተሻል። ኪንግም ለአገሩ ሰው የሚያደርገው ይህንኑ ነው። የከረሜላውን ስም፣ የመኪናውን ዓይነት፣ በሬዲዮ የሚዘፈነውን ዘፈን ይጠራል። አሜሪካዊው አንባቢ «ይሄማ የእኛ ሰፈር ነው» ብሎ ዘና ይላል። ዘና ባለበት ነው የሚይዘው። ለእኔና ለአንቺ ግን ያ ሁሉ ስም ጫጫታ ነው። በሁለተኛ ቋንቋ ስታነቢው ደግሞ ጫጫታው ይብሳል።

ክላውኑንም አስቢው። የ‹ኢት› አውሬ ለልጆቹ ብዙ ጊዜ የሚታየው በክላውን መልክ ነው። ፊቱን ቀለም የተቀባ የሰርከስ አሳቂ እነሱ ዘንድ የልጆች ልደት ላይ የሚመጣ ሰው ነው። የሚያስፈራው ለዚህ ነው፤ የሚታመን ነገር ስለተበላሸ። ደብረ ማርቆስ ውስጥ ለልደት ክላውን የጠራ ሰው አላውቅም። ስለዚህ በእኛ ልክ እንስፋው። የቡሄ ዋዜማ ማታ ነው። ልጆች ደጅ ላይ ሆያ ሆዬ ይላሉ። ሙልሙል ይዘሽ ልትወጪ ስትይ ድምፃቸውን ትለያለሽ፤ የጎረቤት ልጆች ናቸው። አውራጁን ግን የት ነበር የማውቀው ትያለሽ። በሩን ልትከፍቺ እጅሽ መቀርቀሪያው ላይ ሲያርፍ ትዝ ይልሻል። አምና ክረምት ወንዝ የወሰደው ልጅ ድምፅ ነው። ውጭ ጭፈራው ቀጥሏል። «ክፈት በለው በሩን» ይላሉ።

ይህ ትንሽ ከነካሽ፣ የፈረንጆቹ አንባቢዎች ክላውኑ ጋ ሲደርሱ ምን እንደሚሰማቸው ገባሽ ማለት ነው። ኪንግ በ1981 ስለ አስፈሪ ታሪክ በጻፈው መጽሐፍ ፍርሃትን በሦስት ደረጃ ይከፍለዋል። በእኛ ልንገርሽ። ማታ ጅብ ሲጮህ ሳይሆን፣ ሲጮሁ የነበሩት ውሾች ባንዴ ጭጭ ሲሉ የሚመጣው ስሜት የመጀመሪያው ነው። ጅቡን በዓይን ማየት ሁለተኛው ነው። ጅቡ የበላውን ማየት ሦስተኛው ነው። እሱ ከሁሉ የሚያስበልጠው የመጀመሪያውን ነው። ካልሆነለት ወደ ሁለተኛው፣ እሱም ካልሆነለት ወደ ሦስተኛው እንደሚወርድ በግልጽ ጽፏል። ከፊልሞቹ ተነስቶ የሚያነበው ሰው ብዙ ጊዜ ሦስተኛውን ይጠብቃል። ውሾቹ ጭጭ ማለታቸውን ሳይሰማ ያልፋል።

ወንድምሽ ሰምቶታል። ብቻውን፣ በጨለማ፣ በስልክ ብርሃን፣ በአንድ ትንፋሽ ነው ያነበበው። ዕድሜውም ከአንቺ ይልቅ ለመጽሐፉ ልጆች ይቀርባል። ከዚህ በላይ ግን አንድ ነገር አለ፤ መልሴን በሙሉ ብትረሺ ይህን አትርሺ። በ‹ኢት› ውስጥ አዋቂዎች አያዩም። ልጅቷ የመታጠቢያ ቤቷ ግድግዳ በደም ተለውሶ እየጮኸች አባቷ ገብቶ ምንም አይታየውም። ከተማው ውስጥ ልጆች እየጠፉ ትልልቆቹ ፊታቸውን ያዞራሉ። አውሬው የሚያድገው በዚህ ነው። አንቺ «ይሄም ያስፈራል?» ብለሽ ስትስቂበት ታዲያ ምን እያደረግሽ ነው? መጽሐፉ ልክ መሆኑን እያረጋገጥሽለት ነው።

ከዚያ አልፎ፣ ፍርሃቱን ያመጣው መጽሐፉ ነው ብለሽ አትቸኩይ። አስፈሪ ታሪክ ብዙ ጊዜ ፍርሃት አያመጣም፤ የነበረውን ያገኘዋል። ያለንበት ጊዜ ጎጃም ውስጥ ላለ ልጅ ቀላል አይደለም። መጽሐፉን ከመጀመሩ በፊት እንቅልፉ እንዴት ነበር? ማታ ማታ ከውጭ የሚሰማው ድምፅ አለ? ትምህርት ቤት የሚያስቸግረው ልጅ አለ? መጽሐፉ ውስጥ ያሉት ልጆች ግማሹ ችግራቸው አውሬው አይደለም። ጉልበተኛ ልጅና የሚመታ አባት ነው። የትኛው ገጽ ላይ እንደፈራ ጠይቂው። መልሱ ሊያስገርምሽ ይችላል።

ወደ እናትሽ ልምጣ። እሳቸው የተሳሳቱት ስለ መጽሐፉ ነው እንጂ ስለ ልጁ መጨነቃቸው ልክ ነው። ኪንግ ጋኔን የሚጠራ ሰው አይደለም። ከምን እንደሚነሳ ላሳይሽ። በ1977 በወጣው ‹ዘ ሻይኒንግ› አንድ አባት፣ ሚስቱና ትንሽ ልጁ በክረምት በረዶ የተዘጋ ሆቴል ለመጠበቅ ይገባሉ። ሆቴሉ መናፍስት አለበት። አባትየው ግን ገና ሳይገባ ጠጪ የነበረ ነው፤ ከአስተማሪነት ተባሯል፣ ሰክሮ የልጁን ክንድ ሰብሯል። ኪንግ ያን ጊዜ ራሱ ይጠጣ ነበር። ስለ ራሱ እየጻፈ መሆኑን ሳያውቅ እንደጻፈው ኋላ ተናግሯል።

የቅኔ አገር ሰው ስለሆንኩ «ሰምና ወርቅ ነው፤ መንፈሱ ሰም፣ መጠጡ ወርቅ» ማለት አምሮኝ ነበር። ልክ አይሆንም። ቅኔ ወርቁን ይደብቃል። ኪንግ ወርቁን ደጅ ያሰጣዋል። አባትየው ምን እንደሆነ ገና ከመጀመሪያዎቹ ምዕራፎች ታውቂያለሽ። መናፍስቱ የሚመጡት ያወቅሽውን ለማባባስ ብቻ ነው።

‹ፔት ሴሜተሪ› ደግሞ አለ፤ የ1983። ኪንግ ከባድ መኪና የሚበዛበት መንገድ ዳር ቤት ተከራይቶ ነበር። የልጁን ድመት መኪና ገደላት። ትንሹ ልጁም አንድ ቀን ወደ መንገዱ ሲሮጥ ለጥቂት ተረፈ። «ባይተርፍስ?» አለና ጻፈው። ጽፎ ሲጨርስ በጣም ስለከበደው መሳቢያ ውስጥ ከተተው፤ የወጣው ከአንድ አሳታሚ ጋር የቀረበት ውል ስለነበር ነው። ከአዲስ አበባ ባሕር ዳር በሚወስደው አስፋልት ዳር ልጅ ያሳደገች እናት ይህ መጽሐፍ ስለ ምን እንደሆነ በሁለት ዓረፍተ ነገር ይገባታል። ለእናትሽ ይህን ንገሪያቸው።

ጠበሉን በተመለከተ አትጣይ። እናት ልጇን ጠበል ብትወስድ ክፋት የለውም። አጥብቄ የምቃወመው ግን ልጁን «ጋኔን ይዞሃል» ማለትን ነው። የመጽሐፍ ፍርሃት ደግነቱ መጽሐፉ ሲዘጋ እዚያ ውስጥ መቅረት መቻሉ ነው። «ያነበብከው እውነት ነው፤ አንተ ውስጥ ገብቷል» ካላችሁት ግን የሚዘጋ መጽሐፍ የለም።

ሌላ የተሳሳተ ነገር፦ «የሰይጣን ጸሐፊ ነው» የሚሉት ሰዎች ብዙዎቹ እሱን ሳያውቁት ወደውታል። ሻውሻንክ እስር ቤት ስለታሰረው የባንክ ሠራተኛ የሚተርከውን ፊልም ያላየ የእኔ ዘመን ሰው ጥቂት ነው። ያ ታሪክ የኪንግ ነው። እሱ ራሱ የሚያወራት ገጠመኝ አለች። ገበያ አዳራሽ ውስጥ አንዲት አሮጊት ያገኙትና «አንተ እነዚያን አስፈሪ ነገሮች የምትጽፈው ነህ። እኔ እንደ ሻውሻንክ ያለ ደስ የሚል ነገር ነው የምወደው» ይሉታል። «እሱንም እኮ የጻፍኩት እኔ ነኝ» ሲላቸው «አልጻፍከውም!» ብለው ጥለውት ሄዱ።

እንግዲህ ምን ይደረግ? መንጠቅ አይሆንም። ብትነጥቂው ብርድ ልብስ ውስጥ ተደብቆ ይጨርሰዋል። ዝም ማለትም አይሆንም። መጽሐፉ ለ16 ዓመት ልጅ ረጅም ነው፣ ከባድ ነው። ወደ መጨረሻው አካባቢ ደግሞ ብዙ አንባቢ ያወገዘው፣ ለልጅ የማይሆን ክፍል አለው። ከኪንግ ወዳጆችም ብዙዎቹ ለዚያ ክፍል አይከራከሩም። ስለዚህ የእኔ ምክር ቁርጥ ያለ ነው፦ ‹ኢት›ን አሁን ያቁም። ግን መጨረሻውን ነግረሽው ያቁም። ያልተጨረሰ አስፈሪ ታሪክ ከተጨረሰው ይብሳል፤ አውሬው እዚያው ቆሞ ይቀራል። ልጆቹ አድገው እንደሚመለሱና አውሬው በመጨረሻ እንደሚሸነፍ ንገሪው። ታሪክ ተበላሸ ብሎ ቢቆጣ ጥሩ ነው፤ የተቆጣ ልጅ አይፈራም።

በምትኩ ‹ዘ አይስ ኦፍ ዘ ድራገን›ን ስጪው፤ «የዘንዶው ዓይኖች» እንደማለት ነው። ኪንግ ይህን አስፈሪ ታሪክ ለማትወድ ሴት ልጁ ብሎ ነው የጻፈው። ንጉሥ በመርዝ ይሞታል፤ ትልቁ ልዑል ያለ ጥፋቱ ረጅም ማማ ላይ ይታሰራል። ልዑል አምባ ላይ በሚታሰርበት አገር ታሪክ ያደገ ልጅ ለዚህ ማብራሪያ አያስፈልገውም። ቋንቋውም ይቀላል። በቀን ያንብብ፣ ከተቻለ በወረቀት፤ ፎቶ ኮፒ ቤት ነው የምትሠሪው፣ ስልኩ ማታ ከእጁ እንዲወጣ መላ አታጪም። ያነበበውን ደግሞ ቡና ሲፈላ ለእናቱ በአማርኛ ይተርክላቸው። እሳቸውም በተራቸው የሚያውቁትን የጭራቅ ተረት ያውጡ። «ተረት ተረት» ሲባል «የላም በረት» የሚል ሰው አጠገቡ ካለ ፍርሃቱ ብቻውን አይሆንም።

ለአንቺ ‹ሚዘሪ›ን እመክራለሁ። የዘንዶው መጽሐፍ ሲወጣ ብዙ የቆዩ አንባቢዎች «ያስፈራን የነበረው ሰው የት ሄደ?» ብለው ቅር ተሰኝተው ነበር። በ1987 የወጣው ‹ሚዘሪ› ከዚያ ቅሬታ ጋር ተያይዞ የሚነሳ ነው። አንድ ደራሲ በበረዶ መኪናው ይገለበጣል። የቀድሞ ነርስ ታነሳዋለች፤ ቤቷ ወስዳ ታክመዋለች፤ ከማንም በላይ አድናቂህ ነኝ ትለዋለች። የምትወዳትን ገጸ ባሕርይ እንደገደለባት ስታውቅ ግን ቆልፋበት «አስነሳልኝ» ትላለች። መንፈስ የለም፣ ክላውን የለም። ሁለት ሰውና አንድ ክፍል ብቻ። እንደሌሎቹ የማታውቂው የዕቃ ስም አይበዛበትም። ሁለት ማሳሰቢያ አለኝ። ሥራ ቦታ እየቆራረጥሽ አታንብቢው፤ እሑድ ከሰዓት ተቀመጪበት። መጥረቢያ የሚነሳበት ቦታ ስላለ ደግሞ ከምሳ ጋር አይሆንም። ወንድምሽም እንዳያገኘው።

የመጨረሻው ነገር የእኔ ድንበር ነው። ሥነ ጽሑፍ አስተምራለሁ እንጂ ሐኪም አይደለሁም። መብራቱን ለጊዜው አታጥፉበት፤ አብሮት የሚተኛ ሰው ይኑር። ብዙ ልጅ መጽሐፉን ካቆመ በኋላ በጥቂት ቀናት ውስጥ ይረጋጋል። ሁለት ሳምንት አልፎ አሁንም ካልተኛ፣ ምግብ ከቀነሰ፣ ትምህርት ቤት አልሄድም ካለ፣ ወይም ማንም የማይሰማው ድምፅ እሰማለሁ ካለ ግን ስለ መጽሐፍ ማውራት ይብቃና ጤና ተቋም ውሰዱት። ጠበሉን ከያዘም ሐኪሙ ይጨመር እንጂ አንዱ ለሌላው አይቅር።